የሬዲዮው ሌድ ዘፕሊን ይሻለኛል

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሌድ ዘፕሊን ለቢቢሲ ሬዲዮ የተጫወታቸውን ቀረጻዎች በሸክላ መግዛት ብር መበተን ነው የሚሉ አሉ። ክርክራቸውን አውቀዋለሁ። የድምፁ ጥራት ከአልበሞቹ ያንሳል። የ1969ኞቹ ቀረጻዎች ሞኖ ናቸው፤ ከግራም ከቀኝም የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው። በ1997 በወጣው ስብስብ ላይ «ኮሙኒኬሽን ብሬክዳውን» የተባለው ዘፈን ሦስት ጊዜ ይመጣል። በ2016 ደግሞ ያው ስብስብ ጭማሪ ይዞ በአምስት ሸክላ ወጣ። «አንዱን ዘፈን እየደጋገሙ መሸጥ አይደል እንዴ?» ይላሉ። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ከዚህ ባንድ ሥራዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ዓይኔን ሳላሽ የማነሳው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ሬዲዮ እንደልቡ ሸክላ ማጫወት አይችልም ነበር። የሙዚቀኞች ማኅበሩ ሸክላ እንጀራችንን ይነጥቀናል ብሎ ሰጋ። አሳታሚዎቹም ሸክላው በነፃ ከተሰማ ማን ይገዛል አሉ። ስለዚህ ቢቢሲ በቀን ስንት ሰዓት ሸክላ ማጫወት እንደሚችል በስምምነት ተወሰነ። ገደቡ እስከ 1988 ድረስ ቆይቷል። የቀረው የአየር ሰዓት በምን ይሞላ? ባንዶችን እየጠሩ በማስጫወት። ሸክላን ለማፈን የወጣ ደንብ፣ ዛሬ ሸክላ ቤት ተሰልፈን የምንገዛውን ነገር ወለደ። እንዲህም አለ።

ሌድ ዘፕሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው ማርች 3 ቀን 1969 ነው። ቦታው ለንደን፣ ፕሌይሃውስ ቴአትር። ፕሮግራሙ የሬዲዮ አቅራቢው የጆን ፒል «ቶፕ ጊር» (ከመኪናው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጋር አይምታታብን)። የመጀመሪያው አልበማቸው አሜሪካ ውስጥ ቢወጣም እንግሊዝ ገና አልደረሰም። ዘፋኙ ሮበርት ፕላንትና ድራመሩ ጆን ቦንሃም የ20 ዓመት ልጆች ናቸው። ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅና ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ፖል ጆንስ ግን ለሌሎች ዘፋኞች ስቱዲዮ ለስቱዲዮ ሲጫወቱ የኖሩ፣ ሥራውን ጠጥተው የተነሱ ሰዎች ናቸው። ሁለት ጎረምሳና ሁለት ባለሙያ። አልበሙ ላይ ይህ ልዩነት ተለስልሶ አይታወቅም። ሬዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ፕላንት ድምፁን እስኪሰነጠቅ ይገፋዋል፣ ጆንስ ከሥር ሆኖ ምንም እንዳልተፈጠረ መስመሩን ይዞ ይሄዳል።

ሦስት ጊዜ መጣ ስለተባለው ዘፈን እዚህ ላይ ልናገር። አንድ ቀን ሦስቱንም በተከታታይ ስሟቸው። ዜማው ያው ነው፣ ግጥሙም ያው። የፔጅ ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበት ክፍል) ግን ሦስቱም ላይ ሌላ ነው። ሰውየው በቃሉ የያዘውን አይደግምም፤ እዚያው ፊታችሁ እየፈለገ ነው የሚጫወተው። አንዳንዴ ያገኘዋል፣ አንዳንዴ ሲደናበር ይቆይና ቦንሃም ይደርስለታል። ይህን የምሰማበት ሌላ ቦታ ካለ ንገሩኝ።

ሁሉም ነገር ጥሬ ነው ብዬ ግን አላጋንን። በ1969 ጁን ከተቀረጹት አንዳንዶቹ ላይ በኋላ የተደረበ ጊታር አለ። ጆሮ ያለው ሰው ያውቀዋል። አንድ ሰው በአንዴ ሁለት ጊታር አይመታም።

መደረብ የሌለበትን የፈለገ ኤፕሪል 1 ቀን 1971 ወደተቀረጸው ይሂድ። ቦታው የለንደኑ ፓሪስ ቴአትር ነው። ጥቂት መቶ ሰው የሚይዝ የቢቢሲ አዳራሽ። እዚህ ፔጅ ሶሎ ሲገባ አጃቢ ጊታሩ ድንገት ይጠፋል። ያንን ክፍተት ቤዝና ድራም ብቻቸውን ይሞሉታል። አልበሙ ላይ ስድስት ደቂቃ ከምናምን የሆነው «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» እዚህ ከ18 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ የአንድ ሸክላ ፊት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ፔጅ የቫዮሊን መምቻ አንስቶ ጊታሩን መገዝገዝ ሲጀምር ሌሎቹ ዝም ይላሉ። ከክሩ የሚወጣው ድምፅ አንዴ እንደ በር፣ አንዴ እንደ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ይረዝማል። ቢሆንም አላልፈውም።

በዚያው ምሽት «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ተጫውቷል። አልበሙ የወጣው በኖቬምበር ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ዘፈኑን አያውቀውም። ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች ሲሰሙ ስታዲየም የሚናወጥለት ዘፈን፣ እዚህ ሰው በጨዋነት ተቀምጦ የሚያዳምጠው አዲስ ነገር ነው። በሚሊዮን ጊዜ ከመደጋገሙ በፊት ምን እንደሚመስል መስማት እኔን ደስ ይለኛል።

ከሁሉም የምወደው ግን ድምፁ ከሁሉም የከፋው ነው። አሌክሲስ ኮርነር የእንግሊዝ ብሉዝ አባት ከሚባሉት አንዱ ነው። ቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ ላይ የብሉዝ ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። ፕላንት ዘፕሊን ሳይመሠረት አብሮት ሠርቷል። ባንዱ በ1969 ለዚህ ፕሮግራም ሦስት ዘፈን ተቀረጸ። ከዚያ ቴፑ ጠፋ። ቢቢሲ በዚያ ዘመን ቴፕ እያጠፋ በላዩ ሌላ ነገር መቅዳት ልማዱ ነበር፤ ስንቱ ሙዚቃ እንደዚህ ተበላ። ይህኛው የተረፈው አንድ አድማጭ ከሬዲዮ ላይ ስለቀዳው ነው። በ2016ቱ እትም የገባው ከዚህ የአድማጭ ቅጂ ነው። ከሦስቱ አንዱ «ሰንሻይን ውማን» ሌላ የትም አልበም ላይ የለም። ሌሎቹ ሁለቱ ዊሊ ዲክሰን የጻፋቸው የቺካጎ ብሉዝ ናቸው፤ ኦቲስ ረሽና መዲ ዎተርስ ቀድመው ዘፍነዋቸዋል።

ይህን ቅጂ «ይሻክራል» ብሎ የሚጥለው ሰው፣ ካሴት ከትቶ «ሪከርድ» ላይ ጣቱን አሳርፎ ዘፈን ጠብቆ አያውቅም ማለት ነው። ጋዜጠኛው ዘፈኑ መሐል ገብቶ ሲያወራ ያልተራገመ ከኛ ውስጥ ማን አለ?

ገዢዎች ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሸክላ ቤቶች ውስጥ «የኤፍኤም ስርጭት» የሚል ጽሑፍና አንድ ደብዛዛ ፎቶ የያዙ ሸክላዎች ሞልተዋል። የዘፕሊንም አለ፣ የሌሎች የእንግሊዝ ብሉዝ ሮክ ባንዶችም አለ። ከየት እንደተቀዱ ሽፋናቸው አይናገርም። ቀን የለ፣ ቦታ የለ፣ ለባንዱ ምን እንደሚደርሰው የሚያውቅ የለ። አድማጭ ከሬዲዮ የቀዳው መሆኑ አያስከፋኝም፤ አሁን ያመሰገንኩት እሱን ነው። የሚያስከፋኝ መደበቁ ነው። ሸክላ ላይ ስለታተመ ብቻ ድምፁ ይሞቃል የሚለውንም ወሬ ተዉት። ምንጩ መጥፎ ከሆነ ሸክላው ያንኑ መጥፎ በውድ ዋጋ ያሰማችኋል።

ኦፊሴላዊው እትምም ቢሆን አንድ ዕዳ አለበት። የፓሪስ ቴአትሩ ምሽት ሙሉውን አልወጣም። መጨረሻ አካባቢ «ሆል ሎታ ላቭ»ን ጀምረው የድሮ ብሉዝና ሮክ ኤንድ ሮል እያያያዙ ይሄዳሉ፤ ከዚያ መሐል ሦስት ዘፈን ተቆርጦ ወጥቷል። ከዚያው ምሽት የሆነ ሌላ ነገር ደግሞ ከቦታው ተነስቶ በጭማሪው ሸክላ ላይ ተለጥፏል። የተቆረጠውን መልሱት፣ ምሽቱንም በተጫወቱበት ቅደም ተከተል ስጡን። አምስት ሸክላ የገዛ ሰው ስድስተኛው አይከብደውም።