ማስተካከያ፦ የቨርጂኒያ ወይን ሁሉ ኦርጋኒክ አይደለም

ባለፈው ቨርጂኒያ ውስጥ ካለችው ከላውደን አውራጃ ስንመለስ የቨርጂኒያ ትናንሽ ወይን ጠማቂዎች «ሁሉም ኦርጋኒክ ናቸው፣ ሰልፋይት የለበትም» ብዬ ፖስት አድርጌ ነበር (ሰልፋይት ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል ነው)፣ ተሳስቻለሁ። ትንሽና የቤተሰብ መሆን ሌላ፣ ኦርጋኒክ (ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የተመረተ) የሚል ሰርተፊኬት ሌላ። እንደውም እዛ ሰርተፊኬት ያለው በጣም ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ሰመሩ (ሞቃቱ ወቅት) ሙቀትም እርጥበትም ስለሆነ ፈንገስ ይገባና ፍሬው ዘለላው ላይ እንዳለ ጠቁሮ ጭምድድ ይላል፣ ስለዚህ አብዛኛው ገበሬ መድኃኒት ይረጫል (እኔም ብሆን እረጫለሁ)።

ሰልፋይቱን ደግሞ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ደንብ ላይ አየሁት፦ ጠርሙሱ «ኦርጋኒክ ወይን» ካለ አይጨመርበትም፣ «ከኦርጋኒክ ወይን ፍሬ የተሠራ» ካለ ግን እስከ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) ይፈቀዳል፣ ሳይጨመርም ሲብላላ ራሱ ትንሽ ያወጣል። አስም ኖሯችሁ ሰልፋይት የሚያስቸግራችሁ ሰዎች እኔን አምናችሁ እንዳትጠጡ፣ «ሰልፋይት አለው» የሚለውን ጽሑፍ ጠርሙሱ ላይ እዩ።

የቨርጂኒያ ወይን ጠማቂዎች ቁጥር አድጓል ያልኩት ግን ልክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ስድስት የነበሩት፣ ገበሬ የራሱን ወይን ጠምቆ እንዲሸጥ ካመቻቸው ከ1980ው የእርሻ ወይን ሕግ በኋላ አሁን ከ300 በላይ ሆነዋል። የድሮውን ፖስት አስተካክዬዋለሁ፣ ሼር ያደረጋችሁ ይሄንንም አድርጉልኝ።