እናመሰግናለን በሉ፣ ካሜራው በርቷል

እኔ የምለው ጎበዝ፣ ኮምቦልቻ ምን አይነት እድለኛ ከተማ ናት! ሌላው አገር ፋብሪካ ጎረቤቱ ሲሆን የሚደርሰው ጭሱና ጩኸቱ ብቻ ነው፣ እኛን ግን በየበአሉ መጥቶ ይጠይቀናል። ባዶ እጁንም አይመጣም። ዘይት ይዞ፣ ዱቄት ይዞ፣ ባነር ይዞ፣ ካሜራ ይዞ፣ ከከተማ አስተዳደርም ሁለት ሶስት አመራር አስከትሎ። የትኛውን ፋብሪካ ነው የምታወራው ለሚለኝ ስም አልጠራም፣ ስሙ ባነሩ ላይ ከበቂ በላይ ተጽፏል፣ ደሞ ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፣ ልማዱ ተዛምቶ ሀረጎን ወጥቶ ደሴ ገብቷል ማሻአላህ።

የማዕድ ማጋራት ፕሮግራም ያላየ ሰው ምን አየሁ ይላል። ጥሪው ለሶስት ሰአት ነው፣ እናቶች አንድ ሰአት ተኩል ላይ ተሰልፈው አልቀዋል፣ ሃላፊው ግን ብዙ ስብሰባ ያለበት ሰው ስለሆነ አምስት ሰአት ላይ ይደርሳል፣ የኮምቦልቻ ፀሀይ ደሞ የምታውቋት ናት፣ ግን አብሽሩ ድንኳን ተተክሏል፣ ለእንግዶቹ። ከዛ ንግግር። "ድርጅታችን ከማምረት ስራው ጎን ለጎን ማህበራዊ ሃላፊነቱን ከመወጣት አኳያ..." ይላል፣ አኳያ ካለ እንግዲህ ተደላድላችሁ ቁጭ በሉ። እሱ ሲጨርስ የአስተዳደሩ ሰው ይነሳል፣ ድርጅቱን ያመሰግናል፣ ሌሎች ድርጅቶችም አርአያውን እንዲከተሉ ጥሪ ያቀርባል፣ ሌሎቹ ድርጅቶች ግን የሉም፣ እነሱም በዛው ሰአት ሌላ ቀበሌ የራሳቸውን ባነር እየሰቀሉ ነው።

ዘይት አሰጣጡ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አምስት ሊትሯን ጀሪካን አንድ ሰው አይሰጥም። ሃላፊው ይይዛታል፣ ምክትሉም ይይዛታል፣ የህዝብ ግንኙነቱም ጣቱን ጣል ያደርጋል፣ የአስተዳደሩም ሰው በጎን ገብቶ ክዳኗን ይነካል፣ እማማ ከስር ናቸው፣ አንድ ዘይት በአምስት ሰው እጅ፣ አንዳቸውም ግን ዘይቷን አያዩም። "እማማ ቀና ይበሉ፣ ወደዚህ ይዩ፣ እስቲ ፈገግ!" እማማ ፈገግ ይላሉ። ካሜራማኑ አልያዘልኝም ይላል። ዘይቷ ትመለሳለች፣ ድጋሚ ትሰጣለች፣ እማማም ድጋሚ ይደሰታሉ። ፎቶውን ያየ ሰው ሁለቴ ተሰጣቸው ቢል አይፈረድበትም።

ቀጥሎ ማይኩ አፋቸው ስር ይደቀናል፣ ምን ተሰማዎት? ከአንድ ሰአት ተኩል ጀምሮ የቆመ ሰው ምን ይሰማዋል፣ ጉልበቱ ነዋ! እሳቸው ግን ጨዋ የወሎ እናት ናቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፣ አላህ ይጨምርላችሁ፣ ከክፉ ይጠብቃችሁ፣ ውለዱ ክበዱ፣ ማታ ዜናው ላይ ይሄ ሁሉ ምርቃት ተጨምቆ "ድጋፍ የተደረገላቸው ወገኖች በበኩላቸው በተደረገላቸው ድጋፍ መደሰታቸውን ገልጸዋል" ይሆናል። አለቀ።

አንዳንድ ነገር ፈላጊ ደሞ አለ፣ ምጽዋት በድብቅ ነው የሚል። እውነት ነው፣ ወንጌሉም ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ይላል፣ ሀዲሱም ቀኙ የሰጠውን ግራው እስከማያውቅ ደብቆ የመጸወተን ሰው ያወድሳል፣ ወሎ ደሞ ሁለቱንም ሲሰማ ያደገ አገር ነው። ግን ድርጅታችን ምን አጠፋ? ግራ እጁ በእውነት አያውቅም፣ ባነር ይዞ ስራ ላይ ነው።

ትምህርት ቤቱንም አልረሱትም። መስከረም ላይ ደብተር ይመጣል፣ ሽፋኑ ላይ የድርጅቱ አርማ፣ ጀርባው ላይ የምርቱ ፎቶ፣ የማባዣ ሰንጠረዥ ለምዶብን እዛ ጋ እንፈልጋለን እንጂ ልጆቹስ ለምደውታል። ክረምት ላይ ችግኝ አለ፣ ቲሸርትና ኮፍያ አለ፣ ቲሸርቱ ከችግኙ ይልቅ ይጸድቃል፣ እኔ ራሱ ለቤት መወልወያ የማደርገው አንድ አለኝ። ስጦታው ሲያልቅ ደሞ አስተዳደሩ በተራው ለድርጅቱ የምስጋና ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ ጋቢ ያለብሳል፣ ድርጅቱ ያመሰግናል፣ ተመሰጋግነው ይለያያሉ። የገቢ ግብር አዋጁ፣ ቁጥር 979/2008፣ ደሞ ህጉ ባለው መንገድ ለበጎ አድራጎት የተሰጠን ነገር ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ይይዛል፣ ጥሩ ህግ ነው፣ አልቃወምም፣ እማማ ብቻ ሲመርቁ የገቢዎችንም መስሪያ ቤት ቢጨምሩበት ለማለት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስጦታ እንምጣ፣ ባነር ያልተሰራለት ስጦታ አለ፣ እሱ ነው የሚገርመኝ። በበአል ብቻ አይመጣም፣ በየቀኑ ነው፣ ሌሊት ሌሊትም ይመጣል፣ ተሰለፉም አይባልም። ቦርከናን ነው የምላችሁ። ለፍትህ ያህል ደሴዎችም እጃቸው አለበት፣ ወንዙ በእነሱ ከተማ ሲያልፍ የሚችሉትን ያህል አዋጥተው ነው ወደ ታች የሚልኩልን፣ ወንድማማችነት ነው እንግዲህ። እኛ ጋ ሲደርስ በለዮሌ ወንዝ በኩልም በሌላም በኩል የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀለዋል። ከዛ ሰው ጀነሬተሩን አስነስቶ ይስበውና ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣበታል፣ ሰላጣው ደሞ ገበያ ይወጣል፣ የተረፈው ውሃ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፣ እዛ በበጋ ሳር ፍለጋ የአፋርም የኦሮሞም ከብት ይሰበሰባል፣ ከዛም አዋሽ። እስቲ እንዲህ ያለ ተደራሽነት ያለው የማህበረሰብ ፕሮግራም የቱ ጋ አይታችኋል? ብሄር አይለይ፣ ሰውና ከብት አይለይ። አንድም ሰው ግን ቆሞ ፎቶ አልተነሳበትም። ትህትና ማለት ይሄ ነው።

ማጣሪያ የላቸውም ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ አላቸው እንጂ! ግን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከቡፌ እንደሚወጣ ሲኒ ነው። ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ይነሳል፣ ይሰራል፣ ውሃው ይጠራል፣ ተቆጣጣሪው አይቶ ሻይ ቡና ብሎ ሲሄድ ተመልሶ ይቀመጣል፣ መብራት ይበላል፣ ኬሚካሉም በዶላር ነው ይላሉ፣ እና በየቀኑ ቢሰራስ ያልቅ የለም እንዴ። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 300/1995፣ የበከለ ያጽዳ ወይ የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል፣ ህገ መንግስቱም አንቀጽ 44 ላይ "ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው" ብሎ አስቀምጧል፣ ተቀምጧል።

ህዝቡን አያሳትፉም እንዳትሉ ብቻ። ያሳትፋሉ! የምክክር መድረክ አለ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ታሽጎ የመጣ ውሃ እየተጠጣ ነው ስለ ወንዙ የሚወራው። አንዱ ላይ ተገኝቼ አንድ ሼህ ተነስተው እንዲህ አሉ፣ "ልጆቼ ዘይቱን አላህ ይቀበላችሁ፣ ግን ከብቶቻችን ውሃውን እያሸተቱ ይመለሱ ጀምረዋል፣ እኛ ከከብት አንሰን ነው ወይ ዝም የምንለው?" አዳራሹ ጸጥ አለ። መድረክ ላይ ያለው ሰው ግን የሰለጠነ ነው፣ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም፣ "አባታችን ያነሱት ሃሳብ በጣም ገንቢ ነው፣ እንደ ግብአት ወስደነዋል፣ ከሚመለከተው አካል ጋር በቅንጅት የምንሰራበት ይሆናል" ብሎ ወደ ሻይ እረፍት ወሰደን። እስከ ዛሬ ከኛ የወሰዱትን ግብአት ሳስበው ፋብሪካው በጥሬ እቃ እጥረት ስራ አቆምኩ ሲል አይገባኝም። ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ልንገራችሁ? "ህብረተሰቡ ከድርጅቱ ጎን እንደሚቆም አረጋግጧል።" ሼሁ በእርግጥ ቆመው ነበር።

ፋብሪካ አይኑር የሚል ሰው የለም፣ እንዳትጣሉኝ። የዚህ ከተማ ግማሽ ቤት የሚያድረው በፋብሪካ ደመወዝ ነው፣ ያደግነውም በሱ ነው። ያሳለፉትንም አይተናል፣ ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ፋብሪካው ሁሉ ሲዘረፍ አብረን ነው ያለቀስነው፣ ያው አመት ታህሳስ ላይ ደሞ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የገበያ እድሏ፣ ከአጎዋ፣ ስታስወጣን ወደ ውጭ የሚሰፋ ልብስ ላይ የነበሩት ልጆች ናቸው መጀመሪያ የደነገጡት። በ2009 ሐምሌ 75 ሄክታሩ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ እኔም ከሚያጨበጭቡት አንዱ ነበርኩ።

ግን እስቲ ይሄን አስቡት። ማዕድ ከተጋራላቸው ሰልፈኞች ውስጥ የራሱ የፋብሪካው ሰራተኛ እናት አለች። ልጇ ስምንት ሰአት ቆማ ሰፍታ የምታመጣው ደመወዝ የቤት ኪራይና ባጃጅ ከፍሎ ሲያበቃ ለዘይት አይተርፍም፣ ስለዚህ ድርጅቱ ዘይቱን በበአል ለእናትየው ይሰጣታል፣ በፎቶ። ደመወዝ ቢጨምርላትስ? ኧረ ተዉ፣ ደመወዝ ጭማሪ እኮ ባነር የለውም! ማን ሪባን ይቆርጥለታል? የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ ወለሉ እስኪነጠፍ ሰዉ አፈር ላይ ይቆያል፣ ለአፈሩም ችግኝ አለን። የአካባቢው ወጣት ቅድሚያ ያገኛል የሚባለውም ይሰራል፣ ቅድሚያ የሚያገኘው ጭነት ማውረድ ላይ ነው፣ ቢሮው ጋ ሲደርስ ልምድ ይጠየቃል፣ ልምዱን ደሞ የሚሰጠው ቢሮው ነው።

ስለዚህ እኛም ውለታ መላሽ ህዝብ ነን፣ ሁሌ ተቀብለን ሁሌ መርቀን ብቻ አይሆንም። የዘንድሮውን ማዕድ እኛ እናጋራ ብለናል። በቦርከና የለማ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም፣ ሁሉም ከዛው ከወንዙ ዳር የተቀጠፈ፣ በዛው ውሃ የታጠበ። ሃላፊውም ምክትሉም የህዝብ ግንኙነቱም ተጋብዘዋል፣ የአስተዳደሩም ሰው ባይቀር ደስ ይለናል፣ ወንበር አለ፣ ድንኳንም አለ፣ ለነሱ። ባነሩን እኛ እናሰራለን፣ ጉርሻውን ለአምስት ይዘን ነው የምናጎርሳቸው፣ ካልተያዘም ድጋሚ ይጎርሳሉ። ለካሜራማኑ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ሰላጣ ለብቻው ይዘጋጅለታል፣ ልጁ ምን አጠፋ።