የቀፊራ ገበያ ጨዋታና የጎርፉ ካርድ

የራሳቸውን የካርታ ጨዋታ የሚሠሩ የድሬዳዋ ወጣቶች ሰሞኑን አማከሩኝ። የአጨዋወቱን ሕግ ጨርሰዋል፤ ዕቃ መሰብሰብ፣ መለዋወጥና ዋጋው ሳይወርድ መሸጥ ነው። የቀራቸው ጨዋታው ስለ ምን ይሁን፣ ለሙከራስ ምን ዓይነት ሥዕል ይሳልበት የሚለው ነው። ማንንም እንዳያስቀይም ይፈልጋሉ። ብሔር ብሔረሰቦችን በየባህል ልብሳቸው ስሎ ለእያንዳንዱ ነጥብ መስጠት አንዱ ሐሳብ ነበር፤ የነገሥታት ጦርነትም ተነሥቷል፤ የቀፊራ ገበያም እንዲሁ። እኔ ቀፊራ እላለሁ።

ሰው ላይ ነጥብ አይለጠፍም። ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አንዱ ብሔር ሰባት ሌላው አራት ከተባለ፣ አራት የተባለው ልጅ እዚያው አብሮ እየተጫወተ ነው። ጦርነቱም ይቅር፤ የአንዱ አያት ድል የሌላው አያት ሐዘን ነውና። ቀፊራ ግን ሁሉም ይሸጥበታል፣ ሁሉም ይገዛበታል፤ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ተናጋሪው በዋጋ ይከራከርበታል።

ሆኖም ገበያ ስለተመረጠ ብቻ ሥራው አላለቀም። «ሥጋ» የሚል ካርድ ይሳል እንበል። ማን ያረደው ሥጋ? ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ልኳንዳ የሚለያዩበት አገር ስለሆነ ተጫዋቹ ይህን መጠየቁ አይቀርም። በሕይወት ያለች ፍየል ብትሳል ግን ማንም ይገዛታል። ጫት ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የመጣ ሁሉ የጫት ገበያዋን ከተማ አወዳይን አልፏል፤ የአካባቢውን ንግድ ያለ ጫት መሳል እውነቱን መሸሸግ ነው የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ የስንቱ ገበሬ ኑሮ የቆመው በእሱ ነው። ያም ሆኖ ይህ ጨዋታ ልጆች ያሉበት ቤት ይገባል፤ በጫት ምክንያት ባልና ሚስት የተኳረፉበት ቤትም ይገባል። ይቅር። ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ቡና፣ ጨውና የግመል ወተት ይበቃሉ።

አጥብቄ የምከራከረው ስለ ጎርፉ ካርድ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ የተጫዋቹን እቅድ ድንገት የሚያፈርስ ካርድ ያስፈልገዋል። ወጣቶቹ በከተማዋ መሀል በሚያልፈው ወንዝ ስም «ደቻቱ ሞላ» የሚል አስበዋል፤ ካርዱ የወጣበት ዕቃውን በሙሉ ያጣል። ለሕጉ ይመቻል፤ ያ ደረቅ አሸዋ በአንድ ዝናብ ወንዝ እንደሚሆንም እውነት ነው። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ያኔ ሕፃን የነበረ ዛሬ የእነዚህ ወጣቶች እኩያ ነው። በዚያ ሌሊት እናቱን ያጣ ሰው ያንን ካርድ ሲገልጥ፣ ጓደኞቹ «ተበላህ!» ብለው ሲስቁ አስቡት። ማስቀየም ሲባል ሃይማኖትና ብሔርን ብቻ እናስባለን፤ ይህን የመሰለውን ሐዘን ግን እንረሳለን። በምትኩ «ባቡሩ ዘገየ» ይባል። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ባቡር ሲዘገይ ብርቱካኑ ይበሰብሳል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ማንም አይሞትም።

«ኮንትሮባንድ» የሚለውም ካርድ ፊት አይኑረው። የአንዱን ሕዝብ ሽርጥ ወይም ሻሽ ካለበሳችሁት ያ ሕዝብ ተወነጀለ ማለት ነው። አፉ የታሰረ የማዳበሪያ ከረጢት ይሳል። እንዲያውም ሰው ከነጭራሹ ባይሳል እመርጣለሁ። ያለ ሰው ካርታ ይደርቃል ለሚሉ፣ ኢስታንቡል ቶፕካፒ ሙዚየም ያለውን፣ ግብፅን በመካከለኛው ዘመን ይገዙ የነበሩትን የማምሉኮች ካርታ እጠቅሳለሁ። ዋንጫ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የፖሎ ዱላ በወርቅ ቀለም ተስለውበታል፤ ንጉሡና ምክትሎቹ ግን በጽሑፍ ብቻ ነው ያሉት። የአውሮፓ ካርታ የወረደው ከዚያ ዘር ነው። ካርታ ያየ ወላጅ ሁሉ ቁማር እንደሚያስብም አትርሱ። አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ምክንያት ንጉሥና ንግሥት ያለበትን ካርታ ቤታቸው የማያስገቡ ሃይማኖተኛ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ፓርከር ብራዘርስ የተባለው የጨዋታ አምራች እ.ኤ.አ. በ1906 ቁጥርና ቀለም ብቻ ያለውን «ሩክ» ያወጣው ለእነሱ ነበር። እናንተም የብር ኖት አትሳሉ፤ ዕቃ በዕቃ ይለዋወጡ።

የሙከራውን ሥዕል በተመለከተ፦ እርሳስ ይበቃል። 63 በ88 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ ከአንድ ኤ4 ወረቀት ዘጠኝ ይወጣል፤ ቀለሙን ማየት ለሚቸገር ሰው ለየዕቃው የተለየ ቅርጽ ጨምሩበት። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። አምሮ የታተመ ሥራ ፊት ስናስቀምጥለት ሰው «ያምራል» ብሎ ይሄዳል፤ ቅር ያለውን አይናገርም። በእርሳስ የተሳለችውን ፍየል ግን «ቀንዷ እንዲህ አይደለም» ብሎ ራሱ ያርማታል፤ ስለ ጎርፉም ያኔ ይናገራል። «ፋይቭ ትራይብስ» የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2014 የባሪያ ካርድ ይዞ ታትሞ ወቀሳ ስለተነሣበት በኋለኛው ኅትመት ካርዱ በፋቂር፣ ማለትም በመናኝ፣ ተተክቷል። የመጀመሪያውን ኅትመት የገዛው ሰው ግን አሁንም የባሪያውን ካርድ ይዟል።

ከከዚራ ሰፈር ጓደኞቻችሁ ጋር ብቻ አትጫወቱት። መጋላ ውሰዱት፣ ገንደ ቆሬ ውሰዱት፣ ራሳቸው የቀፊራ ነጋዴ እናቶች ሲጫወቱት እዩ። ለሠዓሊ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። ከኢንተርኔት የተቀዳ ፎቶ ደግሞ ለሙከራም ቢሆን አትጠቀሙ፤ ባለቤት አለው። የእነዚያን እናቶች ፎቶም ሳትጠይቁ አታንሡ።