ማስተካከያ፦ በግል ለሚሠሩ አማካሪዎች ስለ ጡረታ ቁጠባ የጻፍኩት ላይ

በግላችን የምንሠራ አማካሪዎች ለጡረታ እንዴት መቆጠብ እንደምንጀምር ባለፈው ስጽፍ «10 ዓመት ዘግይቶ የጀመረ የሚያጣው አንድ ሦስተኛውን ነው» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የቆጠርኩት የሚቀመጠውን ገንዘብ ብቻ ነበር። ወለዱ ራሱ ወለድ እንደሚወልድ ዘለልኩት። እስቲ ቁጥሩን እንየው። አንድ ሰው በየወሩ መጨረሻ 1,000 ያስቀምጣል እንበል። በዓመት 6 በመቶ ወለድ በየወሩ እየታሰበለት በ30 ዓመት 1,004,500 ገደማ ይኖረዋል። 10 ዓመት ዘግይቶ ቢጀምር ግን በቀሩት 20 ዓመታት 462,000 ገደማ ብቻ። ከግማሽ በላይ ቀረ ማለት ነው! ከኪሱ ያላወጣው 120,000 ነው፤ የቀረበት ግን ከ540,000 በላይ። የኔን ጽሑፍ አንብቦ «ገና ነው፣ ይደርሳል» ያለ ሰው ካለ በጣም ይቆጨኛል። እኛ ደመወዝ ላይ ቀድሞ የሚቆርጥልን ቀጣሪ የለንም።

ሌላው፣ ለጡረታ «ከገቢያችሁ 15 በመቶ» አስቀምጡ ያልኩት ግልጽ አልነበረም። ደንበኛው ከከፈለው ጠቅላላ ሒሳብ ላይ ማለቴ አይደለም። የሥራ ወጪ ተቀንሶ ከሚቀረው ላይ ነው። 10,000 ተከፍሏችሁ ለኢንተርኔት፣ ለጉዞና ለመሣሪያ 4,000 ከወጣ፣ የምታስቀምጡት 900 ነው እንጂ 1,500 አይደለም። የግብሩን ድርሻ ደግሞ ለብቻው አስቀምጡት፤ ከጡረታው ጋር አታደባልቁት።