ፓስቴልን በስልክ ፎቶ አትዳኙ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሥዕል ውድድር ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «ሥራችሁን ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩ» የሚል ነው። ለአዘጋጅ ይቀላል፤ አዳራሽ አይፈለግም፣ ሥዕል አይጓጓዝም፣ ዳኞችም ቤታቸው ተቀምጠው ነጥብ ይሰጣሉ። ለፓስቴል ሥዕል ግን ይህ አካሄድ ዳኝነቱን ከሥሩ ያበላሸዋል። የወሎ ወጣቶች በፓስቴል ሲወዳደሩ ሥራቸው ፊት ለፊት መታየት አለበት።

ፓስቴል በጣም ጥቂት ማጣበቂያ የገባበት ደረቅ የቀለም ዱቄት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚቆየው የወረቀቱ ሸካራነት ስለያዘው ነው። የሚሸፍነው ዘይትም ሆነ ቫርኒሽ ስለሌለ ብርሃን ቅንጣቶቹ ላይ አርፎ ይበተናል፤ የፓስቴል ድምቀት የሚመጣው ከዚህ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እነ ጣሊያናዊቷ ሮዛልባ ካሪዬራና ፈረንሳዊው ሞሪስ ካንታን ደ ላ ቱር የሠሯቸው የሰው መልኮች ዛሬም ትኩስ መስለው የሚታዩት በጊዜ ብዛት ቢጫ የሚሆን ዘይት ስለሌለባቸው ነው። የስልክ ካሜራ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ጥላውን ያበራል፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ የወረቀቱን ሸካራነት እንደ እንከን ቆጥሮ ያለሰልሳል። ዳኛው የሚያየው የሠዓሊውን እጅ ሳይሆን የስልኩን ሥራ ነው። ጥሩ ስልክ ያለው ተወዳዳሪም ከሌለው ቀድሞ ይጀምራል።

ሥራው ይምጣ ከተባለ ግን አመጣጡም ይታሰብበት። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ የሚደርስ ፓስቴል በደንብ ካልታሸገ ግማሽ ዱቄቱ መንገድ ላይ ይቀራል። መጠቅለል ክልክል ነው፤ ወረቀቱ ሲታጠፍ ቀለሙ ይረግፋል። ጋዜጣ ሸካራ ስለሆነ ይፍቀዋል፣ ላስቲክ ደግሞ ሲፈተግ በሚፈጠርበት ኤሌክትሪክ ዱቄቱን ወደ ራሱ ይስባል። ሥዕሉ ከጠንካራ ካርቶን ጋር በአራቱም ጠርዝ ይያዝ፣ ፊቱ ላይ ለስላሳ አንጸባራቂ ወረቀት ይደረግበት፣ በላዩ ሌላ ካርቶን ይምጣና ሁለቱ ካርቶኖች እንዳይንሸራተቱ በፕላስተር ይታሰሩ። በፍሬም የሚመጣ ከሆነ መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ በመሃል ፓስፓርቱ (በሥዕሉ ዙሪያ የሚገባ የካርቶን ክፈፍ) ወይም ቀጭን እንጨት ይግባ። በክረምት የደሴ ጉምና እርጥበት ለወረቀት ጠላት ነው፤ ሥራዎቹ ከግድግዳ ጋር ተጣብቀው ከከረሙ ሻጋታ ይይዛቸዋል።

ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ያለበት ሌላም ነገር አለ። በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በብዛት የሚገኘው ኦይል ፓስቴል ነው፤ ከሰምና ከማይደርቅ ዘይት የተሠራ በመሆኑ ባሕርይው ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ምድብ ማወዳደር ለሁለቱም በደል ነው። ወይ ምድቡ ይለይ፣ ወይ አንዱ ብቻ ይጠራ።

አሁን ወደ ብርሃኑ። የአውሮፓ መጻሕፍት «በሰሜን መስኮት በኩል እዩ» ይላሉ፤ እዚያ ፀሐይ በሰሜን በኩል አትመጣም ለማለት ይቻላል። ደሴ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በነዚያ ወራት የሰሜኑ መስኮት ቀጥታ ጨረር ሊያስገባ ስለሚችል አዘጋጁ አዳራሹን አስቀድሞ በዚያው ሰዓት ይየው። ቢጫ አምፖልና ነጭ ሸምበቆ (ፍሎረሰንት) መብራት ተቀላቅለው በሚበሩበት ክፍል ሰማያዊና ግራጫ ቀለሞች ይዋሻሉ፤ አንዱ ይጥፋ። ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው የቀን ብርሃን ዳኝነቱን መጨረስ ይሻላል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ዳኛው እያንዳንዱን ሥዕል መጀመሪያ ከ3 ሜትር፣ ቀጥሎ ከግማሽ ሜትር፣ በመጨረሻም ወደ ጎን ዞሮ ይመልከተው። ከሩቅ የሚታየው ቅንብሩና የብርሃንና የጥላ ሚዛኑ ነው። ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ይረዳል፤ ዝርዝሩ ሲጠፋ ሥዕሉ ቆሞ ይታያል ወይ ይፈርሳል። ከቅርብ የሚታየው የወረቀቱ ጉልበት ነው። ተራ ወረቀት ከጥቂት ድርብ በኋላ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ቀለም ይንሸራተታል፣ ቦታው ይጨማለቃል፣ ጭቃ ይመስላል። ወደ ጎን ሲታይ የተፋቀውና የተጠገነው፣ ፊክሳቲቭ (ቀለሙ እንዳይረግፍ የሚረጭ ማጣበቂያ) የበዛበትም ይጋለጣል። ፊክሳቲቭ ሲበዛ ብሩህ ቀለሞችን ያጠቁራል፣ ነጠብጣብም ይተዋል። መጠቀሙ በራሱ ግን ጥፋት አይደለም፤ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዴጋ በድርብርቡ መካከል እየረጨ ይሠራ ነበር። በጣት ማሸትም እንዲሁ፤ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለሙያዎች ፊትን አሽተው ነው የሠሩት። የሚጠየቀው ማሸቱ ቅርጽን አገልግሏል ወይስ ደካማ ንድፍን ሸፍኗል የሚለው ነው።

ነጠላ የለበሰች ሴት የተሣለችበትን ሥራ እንውሰድ፤ በየውድድሩ አይጠፋም። ልምድ ያላገኘ እጅ ነጠላውን ሁሉ በንጹሕ ነጭ ይሞላውና ጥላውን በጥቁር ያሰምርበታል። ጨርቁ ጠመኔ የተለቀለቀ ግድግዳ ይመስላል። ያስተዋለ ሠዓሊ ግን አብዛኛውን በሰማያዊ ግራጫና በለዘብተኛ ቢጫ ይሠራዋል፤ ንጹሕ ነጩን የሚያሳርፈው ፀሐይ የነካችው እጥፋት ላይ፣ በአንድ ሁለት ጭረት ብቻ ነው። ከ3 ሜትር ሲታይ ነጠላው ከመጀመሪያው ይልቅ ነጭ ነው። ጥለቱንም ይዩት፤ ከእጥፋቱ ጋር ካልታጠፈ ሠዓሊው ጨርቁን አላየውም።

የላሊበላዋ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ዳኛን በርዕሷ ብቻ የምታሸንፍ ናት። ለቦታው ያለን ፍቅር ነጥብ ሆኖ መግባት የለበትም። መመርመር ያለበት ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጥላ ነው። የስልክ ፎቶ ያንን ጥላ ድፍን ጥቁር፣ ሰማዩን ባዶ ነጭ አድርጎ ያወጣዋል። በቦታው ቆሞ ያየ ሰው ግን ከፊት ለፊቱ ቀይ ግድግዳ ተንጸባርቆ ጥላው ውስጥ የገባውን ሞቅ ያለ ብርሃን ያገኘዋል። ሥዕሉ ላይ ጥላው ድፍን ጥቁር ከሆነ ፎቶ ተገልብጧል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በፎቶ መታገዝ ነውር የለበትም፤ ፎቶው የራሱ የሠዓሊው ይሁን፣ ከሥራው ጋርም ይቅረብ። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃድ ተሠርቶበት ከተገኘ ሥራው ከውድድር ይውጣ።

ነጥብ አሰጣጡ ላይ አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ። ሦስት ዳኞች ለሁለት ሥራዎች ከ100 ነጥብ ሰጡ እንበል። አንደኛው ዳኛ ለመጀመሪያው ሥራ 92፣ ለሁለተኛው 64 ሰጠ። ሌላው 82 እና 84፣ ሦስተኛው 81 እና 83 ሰጡ። ሲደመር የመጀመሪያው 255፣ ሁለተኛው 231 ሆነ። ከሦስቱ ሁለቱ ሁለተኛውን መርጠው ሳለ ያሸነፈው የመጀመሪያው ነው፤ ነጥቡን አራርቆ የሚሰጥ አንድ ዳኛ ብቻውን ፈረደ ማለት ነው። መፍትሔው ነጥቡን ወደ ደረጃ መቀየር ነው፤ እያንዳንዱ ዳኛ ሥራዎቹን 1ኛ፣ 2ኛ እያለ ይደርድር፣ የሚደመረው ደረጃው ይሁን፣ ትንሽ ድምር ያለው ይቅደም። ይህ ሁሉ ግን ምርጥ አሥሩን ለመለየት ብቻ ነው። ነጥብ ብቻውን እስከ መጨረሻ ከወሰነ እንከን የሌለው ግን ነፍስ የሌለው ሥራ ደፍሮ የሞከረውን ይቀድማል። ስለዚህ አሥሩ ጎን ለጎን ይደርደሩና ዳኞቹ በግልጽ ይከራከሩ። ከዚያ በፊት ግን መነጋገር የለም፤ አንጋፋው ዳኛ ቀድሞ ከተናገረ ወጣቶቹ «እርስዎ እንዳሉት» ማለታቸው አይቀርም። የሠዓሊው ስም ከሥዕሉ ጀርባ ይታሸግ፣ ፊት ለፊት ቁጥር ብቻ ይታይ።

እንደኛ ባለ አካባቢ መምህሩም ዳኛውም አንድ ሰው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የተማሪውን እጅ ቁጥር አይደብቅበትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አራተኛ ተጠባባቂ ዳኛ ይመደብ፤ የመምህሩ ተማሪ ካለበት ምድብ መምህሩ ይነሣና ተጠባባቂው ምድቡን በሙሉ ይዳኝ። አንዱን ሥራ ብቻ ዘሎ ሌላውን መዳኘት የደረጃ ድምሩን ያዛባል።

ሥራዎቹ ሲመለሱ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «ጎበዝ፣ በርታ» አይበቃም። «የግራው ጉንጭ ጥላ ከፀጉሩ ጋር እኩል ጠቁሯል፤ በሸካራ ወረቀት ላይ ከጥቁር ይልቅ በጥቁር ቡናማ ሞክረው» የሚል ማስታወሻ ለደረሰው ልጅ በማግሥቱ የሚሠራው ሥራ አለው።