የሣር ምድርን ዘር የሚያሰራጨው መንጋው ነው ወይስ ነፍሳቱ?

የመጀመሪያው ተከራካሪ (ለመንጋው)፦
ክርክሬን ከርቀት ልጀምር። ጉንዳን አንድን ዘር ተሸክሞ የሚጓዘው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜትር አይዘልም፤ ላም ግን የዋጠችውን ዘር ከአንድ ቀን በላይ በሆዷ ይዛ ከቆየች በኋላ፣ ከጋጠችበት መስክ ኪሎ ሜትሮች ርቃ በእበቷ ልትጥለው ትችላለች። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዳንኤል ጃንዘን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳመለከተው፣ ጣፋጭ ፍሬ የሌላቸው ደቃቅ ተክሎች እንስሳን የሚስቡት በለምለም ቅጠላቸው ነው፤ ቅጠሉን የጎረሰ ዘሩንም አብሮ ይውጣል። ሆዱን ትተን ፀጉሩን ብናይ እንኳ፣ በጀርመን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከአንድ በግ ፀጉር ላይ በተደጋጋሚ ለቅሞ ከ8,500 በላይ ዘሮች አግኝቷል፤ ዘሮቹም የ85 የተክል ዝርያዎች ነበሩ። ይህን ለመሸከም ስንት ጉንዳን እንደሚያስፈልግ ስሌቱን ለተከራካሪዬ እተዋለሁ።

ሁለተኛው ተከራካሪ (ለነፍሳቱ)፦
ተከራካሪዬ የቆጠሩት የተጫነውን እንጂ የበቀለውን አይደለም። ከብት ከዋጠው ዘር ብዙው በማኘክና በማመስኳት ይፈጫል፤ የሚተርፈው በአብዛኛው ጥቃቅኑና ቅርፊቱ የጠነከረው ነው። የተረፈውም በአንድ እበት ውስጥ ተጨናንቆ ስለሚወድቅ ቡቃያው እርስ በርሱ ይሻማል፤ የእበቱም ላይ በፀሐይ ደርቆ ይጠነክራል። ትኩስ እበት አጠገብ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያያል፦ ጢንዚዛዎች በርረው ያርፉበታል፤ ገሚሶቹ አድበልብለው ያንከባልሉታል፣ ገሚሶቹ ከሥሩ ጉድጓድ ምሰው ለእጮቻቸው ቀለብ ወደ ታች ያወርዱታል፤ ዘሩም አብሮ ወርዶ ከአይጥና ከወፍ ይሰወራል። ጉንዳንን በተመለከተ፣ ከ11,000 በላይ የሚሆኑ የተክል ዝርያዎች ዘራቸው ላይ ቅባት ያላት ትንሽ ተቀጥላ አለች፤ ጉንዳኑ ዘሩን ወደ ጎጆው ወስዶ ያችን ይበላና ዘሩን እንዳለ ከጥራጊው ጋር ይጥለዋል። ሁለት ሜትር ተጉዞ የላላ አፈር ላይ ማረፍ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ተጉዞ ድንጋይ ላይ ከመድረቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው፦
የጢንዚዛው ጉድጓድ ለብዙ ዘር መቃብር መሆኑን ግን አልነገሩንም። ደቃቅ የሣር ዘር የያዘው ስንቅ ጥቂት ነውና፣ አሥርና አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ከተቀበረ ቡቃያው ብርሃን ሳያይ ይቀራል። ዘር ለቃሚዎቹ ጉንዳኖችም ወደ ጎተራቸው የሚያስገቡት ሊበሉት ነው፤ የሚበቅለው በመንገድ የወደቀው ወይም የተረሳው ነው። የግራር ነቀዝማ ዘሩን ከውስጥ ቦርቡሮ ይጨርሰዋል፤ እንስሳ ፍሬውን ቀደም ብሎ ከበላው ግን ትሉ ብዙ ሳይጎዳ ሆድ ውስጥ ስለሚሞት አንዳንዱ ዘር ይድናል።

ሁለተኛው፦
የጥልቀቱን ነገር እቀበላለሁ፤ ትላልቆቹ ጢንዚዛዎች ከልክ በላይ ይቀብራሉ፣ ትናንሾቹ ግን ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፉም። የግራሩ ምሳሌ ግን ወደ እኔ ያደላል፤ ያው እንስሳ ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾሃማ ዛፍ ጣፋጭ ፍሬ በልቶ ዘሩን ስለሚበትን፣ የሣር ምድራቸው ወደ እሾህ ጫካ የተለወጠባቸው አገሮች ጥቂት አይደሉም። መንጋ ያለ ነፍሳት ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ አውስትራሊያ ትበቃለች። የአገሩ ጢንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ደረቅና ትናንሽ በጠጥ ስለነበር፣ ከውጭ የገባውን የቀንድ ከብት እርጥብ እበት ብዙዎቹ አልነኩትም፤ እበቱም ዘሩን እንደያዘ ለወራት ባለበት ደርቆ ከሥሩ ያለውን ሣር ሲያፍን ኖረ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መገባደጃ የአገሪቱ ተመራማሪዎች ከባሕር ማዶ ያስመጧቸውን ጢንዚዛዎች በየመስኩ መልቀቅ ጀመሩ።