ሕፃኑ የተወለደው ሐዋሳ ነው፣ መሸኛው ከየት ይምጣ?

ሐዋሳ ውስጥ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ምን ምን ያስፈልጋል ብላችሁ ብትጠይቁ ሁለት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ ሕጉ የሚለው ነው። ሌላው ከቀበሌው ፊት ለፊት ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ የሚለው ነው። እንደኔ እንደኔ ልጁን ስሙት። እሱ ቢያንስ ትናንት ማን በምን ምክንያት እንደተመለሰ ያውቃል።

ሕጉ ግን መጥፎ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚሰፍሩበት የክብር መዝገብ በዝርዝር ከደነገገ በኋላ፣ መጨረሻው ላይ ራሱ ትእዛዝ እስኪወጣ ይቆይ ብሎ አሳደረው። አደረ፣ ከረመ፣ ሃምሳ ዓመት አለፈው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ነው፣ ቁጥሩም 760። በመላ አገሪቱ ምዝገባ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ከዚያ ተነስተን ነው እንግዲህ እዚህ የደረስነው።

አካሄዱ ሲነገር ቀላል ነው። ልጁ አዳሬ ሆስፒታልም ይወለድ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ከጤና ተቋሙ የልደት ማሳወቂያ ይሰጣችኋል። እሱን፣ መታወቂያችሁንና የሕፃኑን ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ወደምትኖሩበት ቀበሌ ትሄዳላችሁ። የክብር መዝገብ ሹሙ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፣ ትፈርማላችሁ፣ ምስክር ወረቀቱ ይወጣል። አባት መቅረብ ካልቻለ እናት ብቻዋን ማስመዝገብ ትችላለች። ጊዜው 90 ቀን ነው። ከዚያ ካለፈ የዘገየ ምዝገባ ይባልና ጣጣው ይበዛል።

ችግሩ ያለው "ወደምትኖሩበት ቀበሌ" የሚለው ላይ ነው።

ሐዋሳ የተከራይ ከተማ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ላይ ነው፣ የልደት ምዝገባው በተጀመረበት በዚያው ወር። ከዚያ ወዲህ ስንት ወጣት ሴት ከየገጠሩ መጥታ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይታ እየኖረች ነው። የቀበሌ መታወቂያዋ ግን አገር ቤት ነው። እዚህ ለመውሰድ ከዚያ መሸኛ ማምጣት አለባት። መሸኛው ቢመጣም አከራዩ በቤቱ ማኅደር ላይ ሊያስመዘግባት ይፈራል። ነገ ቤቴ ላይ ጥያቄ ታነሳለች ብሎ ይሰጋል።

ሰሞኑን ለራሴ ጉዳይ አንድ ቀበሌ ተሰልፌ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ሕፃን አዝላለች። ማሳወቂያዋን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች።

"እህቴ፣ የዚህ ቀበሌ መታወቂያ አለሽ?"

"የአርቤጎና ነው።"

"እንግዲያው እዛው ሄደሽ አስመዝግቢ። ወይ መሸኛ አምጪ።"

"ወንድሜ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ እኮ።"

"እኔ ምን ላድርግሽ? መመሪያው ነው።"

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ድምፁንም ከፍ አላደረገባትም። ግን ሰኞ ሥራ እገባለሁ ያለችው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። የልደት ማስመዝገቢያውም 90 ቀን። አንድ ላይ ጀምረው አንድ ላይ ያልቃሉ። እሷ ደግሞ ግማሹን እናቷ ቤት አራስ ሆና ነው ያሳለፈችው። ኦርቶዶክስ ከሆነች ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፣ ስሙም ያን ጊዜ ይቁረጥ ከተባለ የሚቀራት 10 ቀን ነው። በዚያች 10 ቀን ውስጥ ሹሙ ስብሰባ ናቸው፣ መብራት የለም፣ ነገ ተመለሱ የሚባሉት አሉ።

የቀበሌውን ስጋት አላጣጥልም። ነዋሪነት በእኛ አገር ከቤት፣ ከመሬትና ከብዙ ጥቅም ጋር የተያያዘ ነው። ማኅደሩን ዝም ብለው ለመጣ ሁሉ ቢከፍቱት ጉዳይ ገዳዩ ይጫወትበታል። ግን የልደት ምስክር ወረቀት ነዋሪነት አይሰጥም። ይህ ሕፃን በዚህ ቀን፣ ከዚህች እናት ተወለደ ነው የሚለው። ሆስፒታሉ በማኅተም ያረጋገጠውን ነገር መሸኛ አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ሲል እናቱ ተከራይ ካልሆነች የሚል ሐረግ አላስገባም።

ያልተመዘገበ ልጅ የት እንደሚደርስ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፓስፖርት ሊያወጡ ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ልደታቸውን የሚያስመዘግቡ ጎልማሶችን እዩ። ከ2008 በፊት የተወለደ ሰው ነባር ይባላል። የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የ8ኛ ክፍል ውጤት፣ ምስክሮች፣ ያገኘውን ሁሉ ሰብስቦ ይመጣል። ጉዱ የሚፈላው ያኔ ነው። በክርስትና ካርዱ 1985 ተወልዷል፣ በትምህርት ቤት 1987። እናትየው ቢጠየቁ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፊቼ ጨምበላላ ማግስት ነበር ይላሉ፣ ዓመቱን ግን አያስታውሱም። ለፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገብ ደግሞ ሌላ ቀን በቃሉ ተናግሯል። እንዲህ ያላችሁ ወደ ቀበሌ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እዩዋቸው፣ የቱ ቀን በሌላ ማስረጃ እንደሚደገፍ ለዩ። ምስክር ወረቀቱ ሳይታተም ረቂቁን አሳዩኝ በሉ። በተለይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የአያት ስም ፊደል በፊደል አንብቡ። አንዲት ፊደል ፓስፖርት ላይ ስታጣላ አይቻለሁ።

ለከተማው አስተዳደር የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ስምንቱም ክፍለ ከተሞች አንድ ዓይነት አሠራር ይያዙ። ሐዋሳ ጤና ተቋም ውስጥ የተወለደ ልጅ እናቱ የትኛውንም ቀበሌ መታወቂያ ብትይዝ እዚሁ ይመዝገብ። ለመኖሪያዋ ማስረጃ የቀጣሪዋ ደብዳቤ ወይም የአከራይዋ ቃል ይበቃል ይባል፣ አከራዩም ቃሉ ከቤቱ ማኅደር ጋር እንደማይያያዝ በጽሑፍ ይነገረው። ወላድ በብዛት በሚገኝባቸው ሆስፒታሎች ደግሞ አንድ የክብር መዝገብ ሹም በሳምንት ሁለት ቀን ይቀመጥ። እናትየው ከአልጋ ተነስታ ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት ቢያንስ መዝገቡ ላይ ትፈርም። ስም ገና ካልወጣለት እሱን በኋላ የሚሞላበት መንገድ ይፈለግ። የሚያስፈልገው ነገር ዝርዝርም በአማርኛና በሲዳምኛ ተጽፎ በየቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፣ ዋጋውም ጭምር።